ድጥና ማጥ፦ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ የጭነት መኪና የክረምት ጉዞ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጭነት መኪና በክረምት ወራት በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች ሲጓዝ ስለሚገጥመው ችግር፣ ለዚሁም ችግር መድኀኒት ናቸው ስለሚባሉት ሁለት ነገሮች በአጭሩ ማስረዳት ነው። እነርሱም በጎማ ላይ የሚጠመጠመው ካቴና ወይም የብረት ገመድ፣ እንዲሁም የፊቱንም የኋላውንም ጎማ በሞተር ኀይል የሚያዞረውና ሾፌሮች «ፎር ዊል» የሚሉት አሠራር ናቸው።

ስለ ሁለቱም ነገሮች በባሕር ማዶ ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን እነዚያ ጽሑፎች «የክረምት ጉዞ» ሲሉ በበረዶ ላይ የሚደረገውን ጉዞ ማለታቸው ነው። በእኛ አገር ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው። ቃሉ በትርጕም አንድ ቢመስልም ጎማው የሚረግጠው ነገር የተለያየ ስለ ሆነ፣ የእነርሱን ምክር እንዳለ ወስዶ በቦረና ዳገት ላይ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ አስቀድመን አገሩንና አፈሩን፣ ቀጥለን የመሣሪያዎቹን ጠባይ፣ በመጨረሻም መሣሪያዎቹ የማይፈቱትን ችግር እንመለከታለን።

አገሩና አፈሩ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚወስደው መንገድ ርዝመቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስተ ምሥራቅ የለጋምቦ ከፍተኛ ደጋ፣ በስተ ሰሜን ሳይንት፣ በስተ ደቡብ ወግዲና ከላላ ያዋስኗታል። በስተ ምዕራብ ግን መሬቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዐባይ ላይ ያርፋል፤ ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የሚሠራ ሾፌር በአንድ ቀን ውስጥ የደጋውን ሜዳ፣ የቀይ አፈሩን ዳገትና የገደሉን ቁልቁለት ሊያገኝ ይችላል። እኛ በተለይ የምንናገረው ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ቀበሌዎቹና ወደ ገበያዎቹ ስለሚገቡት የአፈርና የገረጋንቲ መንገዶች ነው።

ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚህም ሌላ የወሎ ደጋ የበልግ ዝናብ ስላለው፣ ጭቃው በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል ማለት ይቻላል።

በደጋው ሜዳ ላይ በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው ነው። የዚህ ዓይነት አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል። በውስጡ ያለው እጅግ የላመ ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስለዚህ በበጋ ከባድ መኪና ይሸከም የነበረው መሬት በሐምሌ እንደ ሊጥ ይሆናል። ከዚህም በላይ ጭቃው በጎማው ጥርሶች መካከል ገብቶ ስለሚሞላ፣ አዲስ ጎማ የነበረው ጥቂት ሜትር ሳይሄድ እንዳለቀ ጎማ ልሙጥ ሆኖ ይገኛል። የተዳፋቱ ቀይ አፈር ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ላዩ በዝናብ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል እንጂ፣ ከጥቂት ጣት በታች ብዙ ጊዜ ጽኑ ነው።

የቃላቱ ልዩነት

ለዚህ ልዩነት ቋንቋችን ሁለት ቃላት አሉት። ላዩ አንሸራታች ሆኖ ታቹ ጽኑ የሆነው ድጥ ይባላል። ታች የሌለው፣ የገባበትን ሁሉ የሚውጠው ማጥ ነው። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው ተረት ሁለቱን በደረጃ አስቀምጧቸዋል። ይህ ተረት ለመኪና ትምህርት የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል፤ ምክንያቱም ካቴናውም ፎር ዊሉም በድጥ ላይ የሚረዱትን ያህል በማጥ ላይ አይረዱም። ብዙ መኪና የሚቀረውም ሾፌሩ ማጡን ድጥ መስሎት ሲገባበት ነው።

መለያው ቀላል ነው። ረዳቱ ወርዶ ጠንካራ ዱላ ወደ መሬቱ ይሰድዳል። ዱላው ጥቂት ገብቶ ጽኑ ነገር ካገኘ ድጥ ነው፤ እየሰመጠ ከሄደ ማጥ ነው። የሁለት ደቂቃ ሥራ የሁለት ቀን ቁፋሮ ያስቀራል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ

ይህን በቁጥር ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናድርግ። ቁጥሮቹን የወሰድነው ለማስረዳት እንዲመቹ ነው እንጂ በመንገዱ ላይ ተለክተው የተገኙ አይደሉም። ከነጭነቱ 9 ቶን የሚመዝን መኪና አለ እንበል፤ 6 ቶኑ በኋላ ጎማዎች፣ 3 ቶኑ በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ድጡ ለጎማው የሚሰጠው መቆናጠጫ በጎማው ላይ ካረፈው ክብደት አንድ አምስተኛ ነው እንበል። የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና ከ6 ቶን አንድ አምስተኛ፣ ማለት 1.2 ቶን የመግፋት ኀይል ያገኛል። አራቱም የሚነዱ ከሆነ ከ9 ቶን አንድ አምስተኛ፣ ማለት 1.8 ቶን ያገኛል።

መንገዱ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ቢሆን፣ ዳገቱ መኪናውን በ0.9 ቶን ኀይል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ጭቃው ደግሞ ጎማውን ሲይዝ 0.6 ቶን ይጨምርበት። የሚያስፈልገው እንግዲህ 1.5 ቶን ነው። የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው በ1.2 ቶን ይቀራል፤ ፎር ዊሉ በ1.8 ቶን ይወጣል። የመጀመሪያው መኪና በኋላ ጎማዎቹ ካቴና ቢያስርና መቆናጠጫው በእጥፍ ቢጨምር 2.4 ቶን ስለሚያገኝ እርሱም ይወጣል፤ በእንዲህ ያለው ቦታ ካቴና ያሰረ ተራ መኪና ካቴና ከሌለው ፎር ዊል ይበልጣል ማለት ነው። በገበያዎቻችን የሚመላለሱት እንደ ኢሱዙ ያሉት መካከለኛ የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱ ስለ ሆኑ፣ ይህ ውጤት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

አሁን መኪናው ከዳገቱ ወደ ሜዳ ወርዶ ማጥ ውስጥ ይግባ። ዳገት የለም፤ ጭቃው ግን ብቻውን 2.7 ቶን ይይዛል እንበል። በ1.8 የሚገፋው ፎር ዊልም፣ በ2.4 የሚገፋው ባለ ካቴናም ሁለቱም ይቀራሉ። በአራቱም ጎማ ካቴና ያሰረ ፎር ዊል በቁጥር 3.6 ቶን ስለሚያገኝ ያልፍ ይመስላል። ነገር ግን ጎማው በቦታው በተሽከረከረ ቍጥር ይቆፍራል፤ በካቴና ሲሆን ደግሞ አብልጦ ይቆፍራል። የዲፈረንሻሉ ሆድ ጭቃውን ከነካ በኋላ የጭቃው መያዝ ከማናቸውም ስሌት ያልፋል። ስለዚህ በማጥ ውስጥ ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ቤንዚን ወይም ናፍጣ መጨመር ራስን መቅበር ነው፤ ማቆም፣ ጭነት ማራገፍ፣ ከጎማው ፊት ቆፍሮ ድንጋይ መደልደል ይገባል።

ስለ ፎር ዊል

ብዙ ሰው ፎር ዊል ሲገባ አራቱም ጎማዎች በእኩል የሚጎትቱ ይመስለዋል። እውነቱ እንዲህ አይደለም። በየአክስሉ ያለው ዲፈረንሻል በኩርባ ላይ የውጩ ጎማ ከውስጡ ፈጥኖ እንዲዞር የተሠራ ነው። ይኸው ጠቃሚ ጠባይ በጭቃ ላይ ጠላት ይሆናል፤ አንዱ ጎማ መቆናጠጫ ሲያጣ ዲፈረንሻሉ መሽከርከሩን ሁሉ ለእርሱ ይሰጥና ደረቁን የረገጠው ጎማ ቆሞ ይቀራል። ፎር ዊል ሲገባም ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ብቻ እየተሽከረከሩ መኪናው ሊቆም ይችላል። ይህን የሚከለክለው የዲፈረንሻል መቆለፊያ ነው፤ እርሱም በሁሉም መኪና ላይ አይገኝም።

በማንሻ የሚገባው ፎር ዊል በደረቅና በጽኑ መንገድ ላይ መግባት የለበትም። በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት እኩል ስላልሆነ፣ መንሸራተት የማይችለው ጎማ ማርሹንና ዘንጉን እየጠመዘዘ ይጎዳል። ስለዚህ ድጡ ከመድረሱ ጥቂት ቀድሞ ማስገባት፣ ካለፉ በኋላ ማውጣት ነው ደንቡ።

ስለ ካቴናና ስለ ብረት ገመድ

በመጀመሪያዎቹ የመኪና ዘመናት አሜሪካውያን ሾፌሮች ጎማቸውን በገመድ ይጠመጥሙ ነበር። ይህን አይቶ ሃሪ ዊድ የተባለ የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ሰው ከብረት ሰንሰለት የተሠራውን የጎማ ካቴና በ1904 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበ። ከሰንሰለት ይልቅ በቀጭን የብረት ገመድ የሚሠራው ዓይነት በኋላ የመጣ ነው። እርሱም ቀላልና ለማሰር የማያስቸግር፣ በጎማውና በመኪናው አካል መካከል ጠባብ ቦታ ላላቸው መኪኖች የሚመች ነው። ለስስ በረዶ ይበቃል። በዋልካ ላይ ግን ገመዱ በጭቃ ተለብጦ ስለሚዋጥ የሚቆናጠጥበት ጥርስ ያጣል፤ በገደሉ ድንጋይ ላይም ክሮቹ እየተበጠሱ ይመዘዛሉ። ስለዚህ ለእኛ አገር የጭነት መኪና ወፍራሙ ካቴና ይሻላል እንላለን።

ካቴና ሲታሰር ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ በጎማው ልክ የሆነ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የሚታሰረው ጽኑ መሬት ላይ፣ ጭቃው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ከተቀረቀሩ በኋላ ማሰር እጅግ አድካሚ ነው። ሦስተኛ፣ ኀይል በሚሰጠው አክስል በግራም በቀኝም እኩል ይታሰራል፤ ጥንድ ጎማ ባለው መኪና ላይ ለአንድ ጎማ የተሠራው ካቴና በውጩ ጎማ ላይ ይውላል። አራተኛ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ቆሞ እንደ ገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ የላላ ካቴና ተበጥሶ የፍሬኑን ቱቦ ሊመታ ይችላልና። አምስተኛ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በታች መሆን አለበት፤ በእኛ መንገድ ከዚያም እጅግ ያንሳል። ስድስተኛ፣ ድጡ እንዳለቀ ይፈታል።

ካቴና የሌለው ረዳት ቅርንጫፍና ጭድ ያነጥፋል፣ ድንጋይ ይደለድላል፤ ሾፌሩም የጎማውን ነፋስ በጥቂቱ ይቀንሳል። ነፋሱ ሲቀነስ ጎማው ተንጣልሎ ሰፊ መሬት ስለሚረግጥ መስመጡ ይቀንሳል። ከጭቃው ሲወጡ ግን መልሶ መንፋት ግድ ነው።

ስለ ቁልቁለት

እስካሁን የተናገርነው ስለ መውጣት ነው። ሰው የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመውረድ ነው። ፍሬን በማናቸውም መኪና አራቱንም ጎማ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ፎር ዊል መኪና ለመቆም ከሌላው የሚበልጥበት ነገር የለም። ዳገቱን በቀላሉ ያወጣው መኪና ሾፌሩን ያታልለዋል፤ የወጣሁትን ያህል እወርዳለሁ ብሎ ያስባልና።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ጀምሮ በደረቅ ሜዳ 6 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ ይህም የደረቁን መቆናጠጫ ከክብደቱ ስድስት ዐሥረኛ አድርገን ስናሰላ ነው። ከላይ በጠቀስነው ድጥ ላይ በሜዳ 18 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚያው ድጥ፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ግን 35 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በወግዲ ወይም በዐባይ ገደል በኩል ካሉት ኩርባዎች ስንቱ ነው 35 ሜትር አሳልፎ የሚያሳይ?

ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛው ማርሽ ይገባል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ይደረጋል። ፍሪሲዮን ረግጦ ወይም ማርሽ አውጥቶ መውረድ ሞተሩ የሚይዘውን ኀይል መጣል ነው። ፎር ዊል በቁልቁለት የሚጠቅመው በዚህ አንድ ነገር ነው፤ የሞተሩ መያዝ ለአራቱም ጎማ ስለሚከፋፈል የኋላው ብቻ ተይዞ እንዳይንሸራተት ያግዛል።

ስለ ረዳቱም አንድ ቃል መናገር ይገባናል። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ ሥር የሚሮጠው እርሱ ነው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከእኛ የማይበልጥ ወጣቶች ናቸው። ታኮ ጽኑ መሬት ላይ መኪና ያቆማል፤ በድጥ ላይ ግን ታኮው ራሱ ከጎማው ጋር ይንሸራተታል፤ ከኋላው የቆመውም ሰው ማምለጫ የለውም። ስለዚህ ረዳት ታኮ የሚያስገባው ከጎን ሆኖ ነው እንጂ ከመኪናው በታች በኩል ቆሞ መሆን የለበትም። ይህን ደንብ ማክበር ገንዘብ አይጠይቅም።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በዚህ አገር ከባድ ነገር ማጓጓዝ በመኪና አልተጀመረም። ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ተነሥተው ነበር፤ የደረሱትም በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል የፈጀው መጎተቱ ብቻ ሳይሆን መንገዱን እየቆፈሩና እየደለደሉ መሄዱ ነበር። ንጉሡ ወቅቱን መረጡ፤ መንገዱንም ለጭነቱ ልክ ሠሩ።

ተቃራኒውን ደግሞ በ1928 ዓ.ም. እናገኛለን። የፋሺስት ኢጣልያ ሠራዊት ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ተነሥቶ ከ1,000 በላይ በሆኑ መኪኖች ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ በዝናብና በጭቃ እየተያዘ ወታደሮቹ መኪኖቹን በትከሻ ይገፉ ነበር። ጣርማ በር ላይም መንገዱ ተቆርጦ ስለ ጠበቀው እስኪጠገን ድረስ መቆም ግድ ሆነበት። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። እንግዲህ በዘመኑ ብዙ መኪና የነበረው ሠራዊት እንኳ የመንገዱን ፈቃድ መጠየቅ አልቀረለትም።

በ1977 ዓ.ም. የረኀብ ዘመን ደግሞ መኪና ሊደርስባቸው ወዳልቻለ የደጋ ቦታዎች እህል ከአውሮፕላን ላይ እስከ መወርወር ተደርሷል። መንገድ በሌለበት እህል መኖሩ ብቻ አልበቃም።

መሣሪያው የማይፈታው ችግር

ዛሬም ቢሆን ክረምት የሚያቋርጠው ጉዞ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ያህል ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ ከፍሎ መስጠት የተለመደ ነው፤ ሁለተኛው ዙር የሚሰጠው ሰብሉ በቅሎ ሲያቆጠቁጥ፣ ማለት በሐምሌና በነሐሴ፣ መንገዱ እጅግ በከፋበት ሰዓት ነው። በምጥ የተያዘች እናት ደግሞ ጭቃው እስኪደርቅ አትጠብቅም።

ነገር ግን ካቴና ያሰረ ከባድ መኪና ራሱን ሲያወጣ መንገዱን ያርሰዋል። ጎማው የቆፈረው ፈር በሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ይሆናል፤ ቦዩ በቀይ አፈሩ ተዳፋት ላይ ፈረፈር ገደል ይሆናል። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ የተደረገው ታላቅ የመንገድ ፈተና እንዳሳየው፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ፈተናው የተደረገው በአስፋልትና በኮንክሪት መንገድ ላይ ነው፤ በአፈር መንገድ ቁጥሩ ይለይ ይሆናል እንጂ አቅጣጫው አንድ ነው። ዛሬ 9 ቶን ጭኖ በካቴና ያለፈ ነጋዴ ነገ የሚመጣውን አምቡላንስ መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

በካሜሩንና በሌሎች አንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ለዚህ የተገኘው ዘዴ የዝናብ መዝጊያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በአፈር መንገዱ ላይ አግዳሚ ይዘጋና ከባድ መኪና ለጥቂት ሰዓታት ይቆማል። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ቢሞከር በሽተኛ የያዘ ቀላል መኪና እንዲያልፍ መፈቀዱ ግድ ነው፤ አለዚያ መንገዱን ስናድን ሰውን እንጎዳለን።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው። ካቴና ለድጥ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም ከፎር ዊል መኪና ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ስለዚህ በደጋው የሚሠራ የጭነት መኪና ሁሉ ከሰኔ በፊት አንድ ጥንድ ቢይዝ እንመክራለን። ፎር ዊል ለዳገት እንጂ ለቁልቁለት አይታመንም። ለማጥ ግን መድኀኒቱ በመኪናው ላይ አይገኝም፤ በመሬቱ ላይ ነው። መንገዱ የሚዘጋው ደግሞ በርዝመቱ ሁሉ ሳይሆን በታወቁ ጥቂት ቦታዎች ነው፤ እነዚህንም ሾፌሮችና ረዳቶች በስማቸው ያውቋቸዋል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በጋ ከክረምት የሚያስኬድ መንገድ ወደ ቀበሌ ሁሉ ለማድረስ የታሰበ ነበር። ያንን ሐሳብ ለመፈጸም ሁልጊዜ ብዙ ኪሎ ሜትር አዲስ መንገድ አያስፈልግም፤ ማጡን ለይቶ ውኃውን በጎን ቦይ ማስወጣትና በዚያች ቦታ ላይ ድንጋይና ገረጋንቲ መደልደል ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው እርምጃ እነዚያን ቦታዎች አንድ በአንድ መመዝገብ ነው። ይህም ዱላ፣ ሜትርና ደብተር ብቻ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ከደቡብ ወሎ የመጡ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ ሊጀምሩት የሚችሉት ጥናት ነው።